የሥልጠና ጽሑፎቻችን ለሁሉም ይደርሳሉን?
ስለ አውቶማቲክ የተደራሽነት መመርመሪያዎች ጥቅምና ወሰን

በቤተ ክርስቲያናችን የአብነት ትምህርት ቤቶች ዕውቀት በዋነኛነት ሲተላለፍ የኖረው በቃል ነው። መምህሩ ያሰማል፤ ደቀ መዝሙሩ ሰምቶ ይቀጽላል፤ የቀጸለውንም በልቡ ይይዛል። በዚህም ምክንያት የዓይን ብርሃን ያጡ ተማሪዎች በዜማውም ሆነ በቅኔው ጉባኤ ከሌሎች ጋር እኩል ተቀምጠው ተምረዋል፤ ከእነርሱም መካከል ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን ጥቂቶች አይደሉም።

ዛሬ የልማት ሥልጠናዎች ቀስ በቀስ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒዩተር እየገቡ ነው። ስለ እናቶችና ሕፃናት ጤና፣ ስለ ንጹሕ ውኃ፣ ስለ አፈር ጥበቃና ስለ ሒሳብ አያያዝ የሚዘጋጁ ትምህርቶች በወርድና በፒ.ዲ.ኤፍ. ፋይል፣ በድረ ገጽና በቴሌግራም ይላካሉ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው ጦርነት ደግሞ ብዙ ወገኖቻችንን ለአካል ጉዳት ዳርጓል። ስለዚህ በመቐለም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ አጥቢያዎች ሥልጠና ሲታሰብ፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ምእመን በምን መንገድ እንደሚማር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ በዓይነ ስውር ፊት መሰናክል ማኖርን ይከለክላል። በዘመናችን ያለ ጥንቃቄ የተዘጋጀ ፋይልም እንዲሁ መሰናክል ሊሆን ይችላል። ሀገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስታጸድቅ መረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂ ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ የመሥራት ግዴታ ገብታለች። ይህን ለመፈጸም ከሚረዱን መሣሪያዎች አንዱ አውቶማቲክ የተደራሽነት መመርመሪያ ነው።

መመርመሪያው ምንድን ነው?

ማየት የተሳናቸው ሰዎች በኮምፒዩተርና በስልክ የሚያነቡት ስክሪን ሪደር በተባለ፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ለኮምፒዩተር ያለ ክፍያ የሚገኘው ኤን.ቪ.ዲ.ኤ. እና በአንድሮይድ ስልኮች የሚሠራው ቶክባክ በሰፊው ይታወቃሉ። ከኤን.ቪ.ዲ.ኤ. ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤን.ጂ. የተባለው የድምፅ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል። በዚህ መንገድ የተጻፈው ተመልሶ ቃል ይሆናል፤ ይህ የሚሆነው ግን ፋይሉ በሥርዓት የተዘጋጀ እንደ ሆነ ነው።

መመርመሪያው ያን ሥርዓት የሚፈትሽ ፕሮግራም ነው። አብዛኞቹ መመርመሪያዎች የሚከተሉት ደብሊው ሦስት ሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ድርጅት ያዘጋጀውን መመሪያ ሲሆን፣ የመመሪያው 2.2 እትም በ2023 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በማይክሮሶፍት ወርድ ውስጥ «ሪቪው» በሚለው ክፍል «ቼክ አክሰሲቢሊቲ» የሚል መጫኛ አለ፤ እርሱ በተጫነ ጊዜ በሰነዱ ጎን የጉድለቶች ዝርዝር ይወጣል። ለድረ ገጽ በአሜሪካ ዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ዌብኤይም ያዘጋጀው ዌቭ፣ እንዲሁም በክሮም ውስጥ ያለው ላይትሃውስ ያለ ክፍያ ያገለግላሉ። የኦንላይን ኮርስ በሙድል ለሚያዘጋጁ ተቋማትም ከ3.11 እትም ጀምሮ መመርመሪያ ከሙድሉ ጋር አብሮ ተሰጥቷል።

በሚገባ የሚያገኛቸው ጉድለቶች

መመርመሪያው የሚቆጠርና የሚለካ ነገር አያመልጠውም። መግለጫ ያልተጻፈለትን ሥዕል ይጠቁማል፤ መግለጫ ከሌለ ስክሪን ሪደሩ ስለ ሥዕሉ የሚናገረው አይኖረውምና። የመጀመሪያው ረድፍ አርእስት መሆኑ ያልተመለከተበትን ሠንጠረዥ፣ በርእስነት ሳይመዘገቡ በጉልህ ፊደል ብቻ የተጻፉ ርእሶችን፣ «እዚህ ይጫኑ» ብቻ የሚሉ ማገናኛዎችን የሚጠቁሙም አሉ። ዓይነ ስውር አንባቢ በረጅም ሰነድ ውስጥ ከርእስ ወደ ርእስ እየዘለለ የሚፈልገውን ያገኛል፤ ርእሶቹ ካልተመዘገቡለት ግን ሠላሳ ገጹን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመስማት ይገደዳል።

የቀለም ንጽጽርም እንዲሁ በቁጥር ይለካል። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በመደቡ መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ ንጽጽር ይጠይቃል። ይህ ለእኛ የቀረበ ጉዳይ ነው። ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም መጻፍ ከብራና መጻሕፍት የወረስነው ሥርዓት ነውና። በኮምፒዩተር ፍጹም ቀይ የሆነው ቀለም በነጭ መደብ ላይ የሚሰጠው ንጽጽር ወደ 4 ለ1 ስለሆነ ከመለኪያው በታች ይወድቃል፤ በወርድ ውስጥ ጥቁር ቀይ የሚባለው ግን ከ6 ለ1 በላይ ስለሚሰጥ ያልፋል። ሥርዓቱን ሳንተው ዓይኑ ለደከመ አረጋዊ እንዲነበብ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። በነጭ ላይ በቢጫ የተጻፈ ጽሑፍ ግን 1 ለ1 ገደማ ስለሆነ ጤናማ ዓይን ላለውም የማይነበብ ነው።

የማያያቸው ጉድለቶች

በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት የዲጂታል አገልግሎት ባለሙያዎች ሆን ብለው ከ140 በላይ መሰናክሎች ያሉበት አንድ ድረ ገጽ ሠርተው የተለያዩ መመርመሪያዎችን ፈትነውበታል። ከሁሉ የተሻለው መመርመሪያ እንኳ የመሰናክሎቹን ግማሽ አላገኘም። ስለዚህ «ጉድለት አልተገኘም» የሚለው መልስ ፋይሉ ተደራሽ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። በእኛ ፊደልና ቋንቋ ደግሞ የሚያመልጡት ነገሮች ይበዛሉ።

አንደኛው የፊደሉ ጉዳይ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የግእዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በእነዚህ የተጻፈ ሰነድ ለዓይን ያማረ አማርኛ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ዘንድ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድርድር ነው፤ ስክሪን ሪደሩም ያንኑ ያነባል። መመርመሪያው ፊደል መኖሩን ብቻ ስለሚያይ ያልፈዋል። መለያው ቀላል ነው፦ አንድ አንቀጽ ቀድቶ በስልክ መልእክት መጻፊያ ላይ መለጠፍ። ፊደሉ ወደ ላቲን ከተለወጠ ጽሑፉ በዩኒኮድ እንደገና መዘጋጀት አለበት።

ሁለተኛው የቋንቋ መለያ ነው። በድረ ገጽ ላይ ጽሑፉ በምን ቋንቋ እንደ ሆነ የሚናገር መለያ ይቀመጣል። መመርመሪያው መለያ መኖሩን ያረጋግጣል፤ እውነተኛነቱን ግን አያውቅም። በእኛ አካባቢ አንድ ጽሑፍ ትግርኛ፣ አማርኛና ግእዝ ሊይዝ ይችላል። ገጹ እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ከተመዘገበ የእንግሊዝኛው ድምፅ ፊደላችንን ሊዘልለው ወይም ሊያዛባው ይችላል።

ሦስተኛው ምኅጻረ ቃል ነው። «ሀ/ስብከት»፣ «ሰ/ት/ቤት»፣ «መ/ር»፣ «ቅ/ማርያም» የሚሉት አጻጻፎች በደብዳቤዎቻችን የተለመዱ ናቸው። የሚያይ አንባቢ በልቡ ይሞላቸዋል፤ ፕሮግራሙ ግን እንደ ተጻፉ ቆራርጦ ያነባቸዋል። ለመስማት በሚዘጋጅ ጽሑፍ ሙሉ ቃሉን መጻፍ ይገባል።

አራተኛው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ መኖርን ያመለክታል። ፊደላችን ይህን ስለማይለይ ፕሮግራሙ ሊሳሳት ይችላል፤ ስሕተቱንም የሚቆጥር መመርመሪያ የለም። ስለ መድኃኒት መጠን ወይም ስለ ገንዘብ በሚናገር ዓረፍተ ነገር ላይ ትርጉም የሚያምታታ ቃል ሲገጥም በሌላ ቃል መተካት ይሻላል።

አምስተኛው የመግለጫው ይዘት ነው። ስለ እርከን ሥራ በሚያስተምር ሥዕል ሥር «ሥዕል» የሚል አንድ ቃል ብቻ ቢጻፍ መመርመሪያው መግለጫ አለ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ተማሪው ግን እርከኑ ወደ የት እንደሚዘረጋ አላወቀም። እንዲሁም ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ እንዳለው መመርመሪያ ሊያይ ይችላል፤ የግርጌ ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር መስማማቱን የሚያረጋግጠው ግን ሰው ነው።

በአጥቢያ ደረጃ ምን እናድርግ?

ለሰበካ ጉባኤያትና ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንመክራለን።

1. ጽሑፉ በዩኒኮድ ይዘጋጅ፤ ርእሶቹ በፕሮግራሙ የርእስ ምልክት ይመዝገቡ፤ ምኅጻረ ቃላት ይፈቱ።

2. ሰነዱ ከመሰራጨቱ በፊት በወርድ መመርመሪያ ይፈተሽ፤ የተጠቆሙት ስሕተቶች ይታረሙ።

3. በፎቶ የተነሣ ጽሑፍ ብቻውን አይላክ፤ ከእርሱ ጋር በፊደል የተጻፈው ይያያዝ።

4. አዘጋጁ ቢያንስ አንድ ገጽ በስክሪን ሪደር፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። ያልገባው ነገር ካለ ለተማሪውም አይገባውም።

5. በአጥቢያው የሚገኝ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ምእመን ትምህርቱን አስቀድሞ እንዲሞክረው ይጋበዝ፤ ለሚያወጣው ጊዜም ተገቢው ይከፈለው። የመጨረሻው ፍርድ የእርሱ ነው።

ኮምፒዩተር በሌለበት፣ ኢንተርኔትም በሚቆራረጥበት አጥቢያ ይህ ሁሉ ከባድ ሊመስል ይችላል። በዚያ ስፍራ አንድ ዲያቆን ወይም ጥሩ የሚያነብ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት ትምህርቱን በስልክ ቀርጾ ሊያካፍል ይችላል። ቤተ ክርስቲያን አናጉንስጢስን፣ ማለትም አንባቢን፣ ከክህነት አገልግሎቶች መካከል የቆጠረችው ሕዝቡ ቃሉን እንዲሰማ ነው። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ካሉት የሥልጠና ጽሑፎች አንዱን ብቻ መርጦ በዚህ ቅደም ተከተል ቢፈትሽ መልካም ጅማሬ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።