«ከነዕቃው የሚሸጥ ሱቅ»፦ ገዢው በእርግጥ የሚገዛው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ፦ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና፣ ከቤተል እስከ ዓለም ባንክ ባሉ መንገዶች ዳር ሱቅ፣ ካፌ፣ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤትና ወፍጮ ቤት ተደርድረው ይታያሉ። ብዙዎቹ በየጊዜው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ገዢዎቹም የከተማ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም። ከብቱን ሸጦ ለልጁ ሥራ ሊከፍት ከገጠር የሚመጣ አርሶ አደር፣ መሬቱ ለልማት ተወስዶ ካሳ የተቀበለ የከተማ ዳር ገበሬ፣ ከዐረብ ሀገር በቆጠበችው ገንዘብ የተመለሰች ወጣት ከእነዚህ መካከል ናቸው። እንዲህ ያለው ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ስሕተቱ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ደላላው «ከነሙሉ ዕቃው» ሲል ገዢው የሚያየው መደርደሪያውን፣ ማቀዝቀዣውንና የቡና ማሽኑን ነው። ሕጉ ግን «የንግድ መደብር» የሚለው ከዚህ ሰፋ ያለ ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የታደሰው የንግድ ሕግ የንግዱን መልካም ዝና፣ የንግድ ስሙንና ቤቱን ተከራይቶ የመሥራት መብቱን የመደብሩ አካል አድርጎ ያያቸዋል። በተግባር ከፍተኛው ዋጋ የሚከፈለውም ለእነዚህ ለማይዳሰሱት ነው። አሮጌ መደርደሪያና ያገለገለ ማቀዝቀዣ ብቻቸውን ሻጩ የሚጠራውን ዋጋ አያወጡም።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚፈጸመው በቤቱ ላይ ነው። አብዛኛው ትንሽ ንግድ የሚሠራው በኪራይ ቤት ስለሆነ ሻጩ የማይሸጠውን ነገር እንደሸጠ ይቆጠርለታል። ለምሳሌ አንድ ሰው ሱቅ በ600 ሺህ ብር ገዛ እንበል። ሱቁ ኪራይና ሌላው ወጪ ሁሉ ተቀንሶ በወር 25 ሺህ ብር ያስገኛል ተብሏል። ገዢው ከጠዋት እስከ ማታ ራሱ ቆሞ የሚሸጥ ከሆነ ድካሙም ሊታሰብ ይገባል፤ በቦታው ሰው ቢቀጥር በወር 8 ሺህ ብር ይከፍል ነበር። ስለዚህ የንግዱ እውነተኛ ትርፍ 17 ሺህ ብር ነው። በዚህ ስሌት የተከፈለው ገንዘብ የሚመለሰው በ35 ወር ገደማ፣ ማለትም በሦስት ዓመት አካባቢ ነው። የኪራይ ውሉ የቀረው ስምንት ወር ከሆነ ግን ገዢው የከፈለው ባለቤቱ ነገ ሊያስወጣው ወይም ኪራዩን ሊያንርበት በሚችል ቤት ላይ ነው።

መፍትሔው ከቀብድ በፊት የቤቱን ባለቤት፣ ሻጩንና ገዢውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ነው። ባለቤቱ በአዲሱ ተከራይ ስም፣ ቢያንስ ገንዘቡ ተመልሶ እስኪገኝ ለሚበቃ ጊዜ፣ በጽሑፍ ውል ካልገባ ግዢው ባይጀመር ይሻላል። «ባለቤቱ ወንድሜ ነው፣ ችግር የለም» የሚል ሻጭ ያንን ወንድሙን ይዞ መምጣት አይቸግረውም።

ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በዚህ መንገድ የተያዙ ቤቶች ነዋሪው የሚከራያቸው እንጂ የሚሸጣቸው አይደሉም። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የተሰጡ የመሥሪያ ሼዶችም ለተጠቃሚው የተሰጡት እንዲሠራባቸው ነው። በእነዚህ ላይ «ለቁልፍ» ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ መብት ማስገኘቱ አጠራጣሪ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የተካሄደው የኮሪደር ልማት በመንገድ ዳር የነበሩ ብዙ ሱቆችን እንዳስነሳም ይታወቃል። ሱቁ ያለበት ቦታ በፕላን ምን እንደተያዘለት ከወረዳና ከክፍለ ከተማ መጠየቅ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የቦታ ካሳ በዋናነት የሚታሰበው ለባለይዞታው እንጂ ለተከራዩ አይደለም።

ቀብድም ቢሆን እንደ ቀላል ነገር አይታይም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በችኮላ ቀብድ የከፈለ ገዢ በኋላ ያልተነገረው ዕዳ ቢያገኝም ለመውጣት ይቸገራል። በቀብዱ ወረቀት ላይ «የቤቱ ባለቤት ካልተስማማ ወይም ያልተገለጸ ዕዳ ከተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ይህን ያስቀራል። «ነገ ሌላ ገዢ ይመጣል» የሚለው የደላላ ግፊት ይህን ዓረፍተ ነገር ለማስቀረት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ገበያው የሚታይበት ወቅትም ያታልላል። በፋሲካ ሰሞን የታየ ሥጋ ቤት ሰው ሲጋፋበት ይገኛል፤ ያው ሥጋ ቤት በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተዘግቶ ሊከርም ይችላል። ኮልፌ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሰፈር በመሆኑ የረመዳን ወርም የምግብ ቤቶችን የቀን ገበያ ይለውጣል። ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ሻይ ቤት በሐምሌና በነሐሴ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ገዢው በሥራ ቀንም በበዓልም፣ በጠዋትም በማታም፣ ሻጩ ሳያውቅ ጭምር ተመላልሶ ቢቆጥር ይበጀዋል።

የሻጩ አፍ የሚናገረውን ሽያጭ ደግሞ ሌሎች ወረቀቶች ይፈትኑታል። ለወፍጮ ቤት ከሁሉ የሚታመነው ምስክር የመብራት ሒሳብ ነው፤ ብዙ ኩንታል ፈጨሁ የሚል ወፍጮ ብዙ ኃይል ሳይበላ አይፈጭም። ለካፌ የስኳር፣ የቡናና የወተት ግዢ፣ ለሱቅ የጅምላ ነጋዴው ደረሰኝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። «ለግብር ያሳወቅሁት ትንሽ ነው እንጂ እውነተኛው ሽያጭ ትልቅ ነው» የሚል ሻጭም ያጋጥማል። ይህ ሰው ከሁለት በአንዱ ዘንድ ዋሽቷል። ገዢው ሁለተኛው እሱ አለመሆኑን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም።

ከዱቤ ደብተሩም ይጀመር ይሆናል። የሰፈር ሱቅ ያለ ዱቤ አይኖርም፤ ሻጩ ዱቤውን እንደ ንብረት ቆጥሮ በዋጋው ውስጥ ካስገባው ገዢው የማያውቃቸውን ሰዎች ዕዳ ገዛ ማለት ነው። ዱቤውን ሻጩ ራሱ ሰብስቦ ቢሄድ ይሻላል። በሌላ በኩል ሻጩ ራሱ የሚከፍለው ዕዳ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ዕቃ፣ ከብትና ሰብል ሳይቀር ለብድር መያዣ እንዲሆኑ ይፈቅዳል። መያዣው በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ከተመዘገበ አበዳሪው መብቱን ይዞ ዕቃውን እስከ ገዢው ድረስ ሊከተል ይችላል። በሊዝ ፋይናንስ የተገኘ ማሽንም ክፍያው እስኪያልቅ የአከራዩ ድርጅት ንብረት ነው። ዕቃው የተገዛበትን ሰነድ መጠየቅና መዝገቡን ማስፈተሽ ነውር አይደለም።

ሠራተኞችንም ብዙ ገዢዎች ይረሷቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የድርጅት ባለቤትነት መተላለፍ የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል። በወር 3 ሺህ ብር እየተከፈላት 6 ዓመት የሠራች ሴት የሥራ ስንብት ክፍያ በሚገባት ሁኔታ ብትሰናበት ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር፣ ለቀሩት አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ የወሩ አንድ ሦስተኛ ተጨምሮ 8 ሺህ ብር ይታሰብላታል። ያልወሰደችው የዓመት ፈቃድና ያልገባላት የጡረታ መዋጮም አለ። ይህ ከዋጋው ላይ መቀነስ ያለበት ሒሳብ ነው።

ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ሲሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ በ2 ዓመት ውስጥ ሽያጩ እንዲፈርስ ሊከስ ይችላል። ውሉን በተለምዶ «ውልና ማስረጃ» በሚባለው የሰነዶች ማረጋገጫ ፊት መፈራረም ይህንንም ያጠራል። ሻጩ አጠገብ ተመሳሳይ ንግድ እንዳይከፍት፣ ርቀቱና ዓመቱ ተለይቶ፣ በዚያው ውል ቢጻፍ መልካም ነው።

በመጨረሻ የሚመጣው ንግድ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ለተሰጠው ሰው ነው እንጂ ከሱቁ ጋር አይሸጥም። «ለጊዜው በእኔ ፈቃድ ሥራ» የሚለው ቃል ወዳጅነት ይመስላል፤ ሽያጩ ግን በሻጩ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይመዘገባል፤ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም ከዚያው ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ገዢው በራሱ ስም ተመዝግቦ የራሱን ፈቃድ ማውጣት፣ ምግብና መጠጥ ከሆነም የብቃት ማረጋገጫ ማግኘት አለበት። የሻጩ ፈቃድ እውነተኛ መሆኑን በንግድ ሚኒስቴር የኢንተርኔት ገጽ ማየት ይቻላል። እድሳት ያለ ቅጣት የሚከናወነው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ስለሆነ፣ በጥር ወይም በየካቲት ለሽያጭ የቀረበ ሱቅ ፈቃዱ ታድሶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ካልታደሰ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልተከፈለ ግብር ስለሚሆን፣ ሻጩ ከግብር ዕዳ ነጻ መሆኑን የሚያሳየውን ክሊራንስ እስኪያመጣ ከዋጋው ከፊሉን ሳይከፍሉ ማቆየት የተለመደ ነው።