የጥርባ ክብ ሐይቅና ከምድር በታች የተቀበሩት የግጭት ጉድጓዶች

ከአዊ የመጡ ተማሪዎቻችን የጥርባንና የዘንገናን ሐይቆች ክብነት እያነሡ «እነዚህ ከሰማይ በወረደ ድንጋይ የተቆፈሩ ይሆኑ?» ሲሉ ደጋግመው ይጠይቁናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው ዘንገና 166 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ ዙሪያው ገደላማ ነው፤ ቅርጹም በኮምፓስ የተሠመረ ይመስላል። አጭሩ መልስ ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው የሚል ነው። ይህን በምን እናውቃለን? ወደሚለው ስንሻገር ግን ነገሩ ረዘም ይላል።

ወደ ላይ የሚወጣ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ እንፋሎቱም በላዩ የተጫነውን አለት ፈንቅሎ ያፈነዳዋል። የቀረው ጉድጓድ ውሃ ሲሞላው ሐይቅ ይሆናል። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ጉድጓድ «ማር» ይሉታል (ቃሉ ጀርመንኛ ነው፤ ከአዊ ማር ጋር ዝምድና የለውም)።

ከሰማይ የሚወርደው አለትስ? በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አንድ ኪሎ ግራም ድንጋይ ቢኖረን፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ግማሽ መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር ነውና፣ 200 ሚሊዮን ጁል ይሆናል። ይህ አንድ ኪሎ ግራም ቲኤንቲ ከሚሰጠው ጉልበት 48 እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ትልቅ አለት ምድርን ሲመታ እንደ ዶማ አይቆፍርም፤ ይፈነዳል። በአግድም ቢመጣ እንኳ ጉድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ ክብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ሁለቱም ፍንዳታዎች ከሆኑ ክብነት ብቻውን ምንም አያስረዳም ማለት ነው።

ለዚህ ሁለት ምስክሮች እንጥራ። በጋና የሚገኘው ቦሱምትዊ ሐይቅ ያረፈበት ጉድጓድ 10.5 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በግጭት የተፈጠረ መሆኑም ተረጋግጧል። በሕንድ የሚገኘው ሎናር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ እንደ አገራችን ደጋ በባዛልት ላይ የተቀመጠ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ሐይቅ ነው። ለረጅም ጊዜ እሳተ ገሞራ ነው ሲባል ከቆየ በኋላ ግጭት መሆኑ የታወቀው በአለቱ ውስጥ ነው። ግጭት ከአየር ግፊት መቶ ሺህ እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት በቅጽበት ይፈጥራል፤ ይህም የማዕድናትን ውስጣዊ አደራደር ያናጋል። የየትኛውም እሳተ ገሞራ እንፋሎት ወደዚያ አይደርስም። ከጣና በስተደቡብ ያለው አካባቢ ግን በወጣት ባዛልትና በእሳተ ገሞራ ኮረብቶች የተሞላ ነው፤ ጥርባና ዘንገናም የዚያው ቤተሰብ አካል ናቸው።

ጉድጓዱ ከተቀበረ ግን አለቱን ለመመርመር አስቀድሞ ቦታውን ማግኘት ያስፈልጋል። በሜክሲኮ ዩካታን ባሕረ ገብ መሬት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ዳይኖሰሮችን ያጠፋው አስትሮይድ የተወው ቺክሹሉብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከላዩ በብዙ መቶ ሜትር የኖራ ድንጋይ ተሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነዳጅ ፈላጊዎች እዚያው ቆፍረው ያገኙትን ቀልጦ የረጋ አለት የእሳተ ገሞራ ነው ብለው አለፉት! በ1978 ግሌን ፔንፊልድ በአውሮፕላን የተሰበሰበ የመግነጢሳዊ መስክ መረጃ ሲያጠና ግዙፍ ቅስት አየ፤ የመሬት ስበት ካርታውም ያንኑ ክብ ያሳይ ነበር። በ1981 ከአንቶኒዮ ካማርጎ ጋር ግኝቱን ቢያቀርቡም ሰሚ አላገኙም። አለቱ በግጭት የተመታ ኳርትዝ መያዙ ታውቆ ነገሩ የተረጋገጠው በ1990ና በ1991 ነው።

በዚያ ጉድጓድ ላይ ስበት የሚቀንሰው የተሰባበረው አለት ጥግግቱ አነስተኛ ስለሆነ ነው። ቅናሹ ወደ 30 ሚሊጋል ይደርሳል፤ ይህም 70 ኪሎ ግራም በሚመዝን ሰው ላይ የሁለት ግራም ያህል ልዩነት ነው። በደቡብ አፍሪካ በካላሃሪ አሸዋ ሥር በተቀበረው ሞሮክዌንግ ደግሞ በ770 ሜትር ጥልቀት 25 ሴንቲ ሜትር የሚያህል የአስትሮይዱ ስባሪ መገኘቱ በ2006 ተገልጿል።

በኢትዮጵያ እስካሁን የተረጋገጠ የግጭት ጉድጓድ የለም። ይህ ግን ሰማይ ለእኛ አድልቷል ማለት አይደለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የፈሰሰው ባዛልት ደጋውን አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ውፍረት ሸፍኖታል፤ ከዚያ በፊት የነበረ ጉድጓድ ቢኖር ከሥሩ ነው። ባዛልቱ ራሱ ከቦታ ቦታ በውፍረትም በመግነጢሳዊነትም ስለሚለያይ ሜክሲኮ ላይ የሠራው ዘዴ እዚህ በቀላሉ አይሠራም። የምንታመነው አባይን ነው። ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ተማሪ ደጀንን አልፎ ቁልቁል ሲወርድ በመስኮቱ በኩል መጀመሪያ ባዛልቱን፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩን፣ ከድልድዩ አካባቢ ደግሞ በኳርትዝ የበለጸገውን የአሸዋ ድንጋይ ያያል። የግጭትን ምልክት ከባዛልት ይልቅ አጥርቶ የሚይዘው ያ የታችኛው አለት ነው።