ሞዛርትና ባለ ሁለት ፊቱ ከበሮ

የኦፔራ መክፈቻ ሙዚቃን፣ ተመልካቹ ወንበሩን እስኪይዝ ድረስ የሚሰማ ማቆያ አድርጎ የሚቆጥር ብዙ ነው። ሞዛርት ግን «ከሐረሙ ማስኮብለል» ለተባለው ኦፔራ የጻፈውን መክፈቻ እ.ኤ.አ. በ1781 ለአባቱ ሲያስረዳ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ያልከደነ ሰው እንኳ እየሰማው አያንቀላፋም ብሏል።

ታሪኩ አጭር ነው፤ ቤልሞንቴ በፓሻ ሰሊም ግቢ የተያዘች እጮኛውን ሊያስኮበልል ይሄዳል። አስቂኙ ኦፔራ መጀመሪያ የታየው ጁላይ 16 ቀን 1782 እ.ኤ.አ. በቪየናው ቡርግ ቲያትር ነው።

እኔን የሚማርከኝ ከበሮው ነው። ሙዚቃው ዝግ ባለ ድምፅ ይጀምርና ድንገት ትልቁ ከበሮ፣ ሲምባሉ፣ ትሪያንግሉና ቀጭኗ ዋሽንት ፒኮሎ በአንድነት ይገባሉ። እንዲህ ያለው የከበሮ ስልት ከኦቶማን ሠራዊት የተወሰደ ነው። ያ ሠራዊት በ1683 ቪየናን ከቦ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የዚያው ከተማ ሰው በከበሮው ይዝናና ጀመር። በእኛም አገር አንኮበር ላይ ነጋሪት ሲጎሰም የሚሰማው የንጉሥ ሥልጣን ነበር፤ ከበሮ የሚያስቀው የሚያስፈራው ኃይል ሲርቅ ብቻ ነው።

በሞዛርት ዘመን ትልቁ ከበሮ አንዱ ፊቱ በወፍራም ዱላ፣ ሌላው በቀጭን አርጩሜ ይመታ ነበር፤ ወፍራሙ ያጉረመርማል፣ ቀጭኑ በመካከሉ ይንጣጣል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ማኅሌት ለቆመ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም፤ የእኛም ከበሮ ሰፊና ጠባብ ፊቱ ተለዋውጠው ካልተመቱ ምኑን ከበሮ ሆነ? አርጩሜውን ትተው አንዱን ፊት ብቻ የሚደበድቡ የዛሬ ኦርኬስትራዎች ግማሹን ሙዚቃ ያስቀሩብናል።

«የቱርክ ሙዚቃ ነው» የሚሉትን ግን አልቀበልም። የኦቶማኖቹ ነፊ መሣሪያ ዙርና የለም፤ ዜማው የቪየና ነው። በ1871 ካይሮ ላይ በታየው የቬርዲ «አይዳ» ውስጥም ኢትዮጵያዊት ልዕልት አለች፤ የባቲና የአንቺሆዬ ቅኝቶች ግን የሉም።

መካከል ላይ ሁካታው ይቆምና አንድ ሐዘንተኛ ዜማ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ዕረፍት ያልፈዋል። መጋረጃው ሲከፈት ቤልሞንቴ የሚዘፍነው ግን ይህንኑ ዜማ ነው፤ ሐዘኑ ወደ ተስፋ ዞሮ። መክፈቻው ራሱ ሳይቋጭ ወደ ዘፈኑ ይገባል። ለኮንሰርት ተብሎ የተቀጠለለት ማሳረጊያ የሌላ ሰው እጅ ነው። ስለዚህ መክፈቻውን ብቻ ቆርጣችሁ አትስሙ፤ ቢያንስ ቤልሞንቴ ዘፍኖ እስኪጨርስ ጠብቁት።