ብርሃን መላሹ ሳረንስት

በሰሜኑ የዓለም ክፍል በአንዳንድ ዋሻዎች ወለል ላይ ወርቅማ አረንጓዴ ብርሃን ይታያል። ከዚያ አፈር ቆንጥሮ ወደ ፀሐይ ያወጣ ሰው ግን እጁ ላይ የሚያገኘው ጭቃ ብቻ ነው። እንግሊዞች «የጋኔን ወርቅ»፣ ጃፓኖች «ሂካሪጎኬ» ይሉታል። በሳይንስ ስሙ ሺስቶስቴጋ የተባለ የሳረንስት ወገን ሲሆን፣ በሥሩ ያለው ዝርያ አንድ ብቻ ነው።

ሺስቶስቴጋ እንደ እሳት ዝንብ የራሱን ብርሃን አያመነጭም። ሳረንስት ሁሉ ከስፖር ሲበቅል መጀመሪያ የሚያወጣው ፕሮቶኔማ የሚባል ቀጭን ክር ነው፤ በአብዛኞቹ ዘንድ ቅጠሉ ሲወጣ ክሩ ይጠፋል። እዚህ ግን ክሩ ይቆያል፤ ከሱም እንደ ሌንስ ያበጡ ህዋሶች ይወጣሉ። እነዚህ ህዋሶች ከዋሻው አፍ የሚመጣውን ደካማ ብርሃን ሰብስበው ወደ ኋለኛው ግድግዳቸው ይልኩታል። ምግብ የሚሠሩት ክሎሮፕላስቶችም እዚያው ተከማችተው ይጠብቁታል፤ የብርሃኑ አቅጣጫ ሲቀየር እነሱም ቦታ ይቀይራሉ። ሳይጠቀሙበት የተረፈው፣ በአብዛኛው አረንጓዴው ብርሃን፣ የመኪና መብራት እንዳረፈባት የድመት ዐይን፣ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ስለዚህም የሚታየው ብርሃኑን ከጀርባው አድርጎ ለቆመ ሰው ነው፤ በድቅድቅ ጨለማ ምንም አይታይም።

ከክሩ የሚበቅለው ቅጠላማ ክፍል ላባ የመሰለ ነው፤ ቁመቱም ከአንድ ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይዘልም።

ሺስቶስቴጋ በአውሮፓ፣ በሩሲያ፣ በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ ይገኛል። ኖራ ድንጋይ አይስማማውም፤ አሲዳማ በሆነ አለት ስንጥቅ፣ በአውሬ ጉድጓድና በወደቀ ዛፍ ሥር ይኖራል። ደጅ ቢበቅል ፈጥነው የሚያድጉ ዕፅዋት ይውጡታል፤ እነሱ በማይደርሱበት ጨለማ ግን ተፎካካሪ የለውም። ለዚህ የሚከፍለው ዋጋ አለ፦ እርጥበቱ ሲቀንስ ወይም አፈሩ ሲረገጥ በቀላሉ ይጠፋል።

ጃፓን የሚበቅልባቸውን አንዳንድ ቦታዎች በሕግ ትጠብቃለች። በሳይታማ የሚገኙት የዮሺሚ ዋሻዎች ሳረንስት በ1928 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በቶኪዮ መሀል በጥንቱ የኤዶ ቤተ መንግሥት ግንብ ላይ የሚበቅለውም እንዲሁ ጥበቃ ይደረግለታል። ደራሲው ታኬዳ ታይጁን በ1954 እ.ኤ.አ. ላሳተመው ታሪክ ርዕስ ያደረገው የዚህኑ ሳረንስት ስም ነው።

ሊያዩት የሚሄዱ ከሆነ ከዋሻው አፍ ላይ ይቁሙ፤ ብርሃኑን በሰውነትዎ አይከልሉ። አፈሩን አይርገጡ፣ ለማስታወሻም አይቆንጥሩ፤ ይዘውት የሚወጡት ጭቃ ነው።