ለዱሮ ማሽኖች አምሳያ መለዋወጫ መሸጥ የሚያስከትለው የሕግ ኃላፊነት፦ ከቆቦና ከራያ ቆላ የወፍጮ ሞተሮች አንጻር

በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የራያ ቆላ ቀበሌዎች ማሽላና ጤፍ ከሚፈጩ ወፍጮ ቤቶች በአንዳንዶቹ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ከባድ ተሽከርካሪ ብረት የተሸከሙ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚለይ ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮች ዛሬም ይሠራሉ። ሕዝቡ በጅምላ «ሊስተር» ይላቸዋል። የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰበት ሁሉ ቦታቸውን ለኤሌክትሪክ ሞተር እየለቀቁ መጥተዋል፤ ይሁንና በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ሳቢያ መብራት በተቋረጠባቸው ወራት፣ ከጥግ ተጥለው የነበሩ አሮጌ ሞተሮች ተጠራርገው ዳግም ወደ ሥራ ሲገቡ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አይቷል። ያን ጊዜ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣውና ማንም በማይጠይቀው ጥያቄ ላይ ነው። ዋናው አምራች ማምረት ላቆመው ማሽን አምሳያ መለዋወጫ ሠርቶ ወይም አስመጥቶ የሚሸጥ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ምን ይጠብቀዋል?

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሊስተር በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሻየር፣ ደርስሊ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1867 የተመሠረተ የአር ኤ ሊስተር ኩባንያ ስም ነው። ሲ ኤስ የተባለው ዝነኛ ሞተሩ እ.ኤ.አ. ከ1930 አካባቢ ጀምሮ ከአምስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ተመርቷል። በጣም የተለመደው ዓይነት በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ እየዞረ ስድስት የፈረስ ጉልበት ይሰጣል፤ የዕድሜው መርዘም ምስጢርም ይኸው ዝግታው ነው። እንግሊዞች ማምረቱን ቢያቆሙም በህንድ በጉጃራት ግዛት፣ ራጅኮት በተባለች ከተማ የሚገኙ አነስተኛ ማቅለጫዎች ሞተሩንም መለዋወጫውንም እየገለበጡ መሥራቱን ቀጥለዋል። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አሮጌ ሞተር ማደስ የትርፍ ጊዜ መዝናኛቸው የሆነ ሰዎች የራጅኮትን ፒስተንና ፋሻ የሚገዙት በበዓል ቀን ሞተራቸውን ለማሳየት ነው። እኛ ዘንድ ያው ፒስተን የሚገዛው ዱቄት ለማግኘት ነው። ይህ የዓላማ ልዩነት የማኅበራዊ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ወደ ኋላ እንደምናየው ግን በሕጋችን ውስጥ ያልተጠበቀ ውጤት አለው።

ብዙዎች የሚፈሩት ፓተንትን ነው፤ ስጋቱ በጣም ቀላል የሆነው ግን እዚያ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፓተንት ጥበቃ 15 ዓመት ሲሆን፣ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ ለመዋሉ ማረጋገጫ ሲቀርብ ለተጨማሪ 5 ዓመት ይራዘማል። የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ 5 ዓመት ሆኖ ሁለት ጊዜ ለአምስት አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል፤ በድምሩ ከ15 ዓመት አያልፍም። ጥበቃው አገራዊ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበ የእንግሊዝ ፓተንት ቆቦ ላይ ኃይል የለውም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠራን ሞተር ፒስተን ለክቶ፣ በቶርኖ ቀርጾ መሸጥ በፓተንት ሕግ የሚያስጠይቅበት ምክንያት የለም። የቅጂ መብትም ብዙ አያስጨንቅም፤ የአምራቹን የአጠቃቀም መጽሐፍ ወይም የምህንድስና ሥዕል አባዝቶ ከመለዋወጫው ጋር መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ሊያስጠይቅ ቢችልም፣ ብረቱን ከብረቱ ላይ መለካት ሥዕልን ከመቅዳት ይለያል። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 በብሪቲሽ ሌይላንድና በአርምስትሮንግ ክርክር ከዚህም አልፎ ሄዶ፣ መኪና የገዛ ሰው የማስጠገን መብቱን አብሮ ስለገዛ፣ አምራቹ በሥዕል የቅጂ መብት ተከልሎ የጭስ ማውጫ ገበያውን ሊዘጋበት አይችልም ብሏል። የእኛ ፍርድ ቤቶች በዚህ ፍርድ አይገደዱም፤ አስተሳሰቡ ግን ለተከራካሪ ይጠቅማል።

አደጋው ያለው ስሙ ላይ ነው። የንግድ ምልክት እንደ ፓተንት በዕድሜ አይሞትም። አዋጅ ቁጥር 501/1998 ለተመዘገበ ምልክት የሰባት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃውም በየሰባት ዓመቱ ያለ ገደብ ይታደሳል። ባለቤቱ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ካልተጠቀመበት ምዝገባው ሊሰረዝ ይችላል፤ ነገር ግን ሰራዡ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንጂ ነጋዴው በራሱ ግምት አይደለም። «ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል» የሚለው የገበያ አባባል ስለዚህ መከላከያ አይሆንም። ፋብሪካ ይዘጋል፤ ስሙ ይሸጣል፣ ይዋሐዳል፣ በሌላ ድርጅት እጅ ይቀጥላል። የሊስተር ስም ራሱ ከሌላ የሞተር አምራች ስም ጋር ተዋሕዶ ሊስተር ፔተር በሚል ቀጥሏል።

ስም እንዴት እንደሚሞትና እንደሚነሣ ከሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና የበለጠ የሚያስተምር ታሪክ የለም። የሲንጀር ፓተንቶች ካበቁ በኋላ ሌሎች ፋብሪካዎች ያንኑ መኪና በዚያው ስም መሸጥ ጀመሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1896 በሲንጀርና በጁን ክርክር «ሲንጀር» የሚለው ቃል የመኪናውን ዓይነት መጠሪያ ስለሆነ ከፓተንቱ ጋር ወደ ሕዝብ ተላልፏል አለ። ሆኖም ፍርዱ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፦ በስሙ የሚጠቀም ሰው ዕቃውን የሠራው ማን እንደሆነ በማያሻማ ሁኔታ ማሳወቅ አለበት። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ኩባንያው ስሙን ሳያቋርጥ በመጠቀሙ እዚያው አሜሪካ ፍርድ ቤት እንደገና የራሱ ምልክት መሆኑን አረጋገጠለት። በቆቦ ገበያ ልብስ ሰፊው «ሲንጀር» ሲል የማንንም ፋብሪካ መኪና ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ወፍጮ ባለቤቱም «ሊስተር» ሲል እንዲሁ። የቃሉ በአፍ መለመድ ግን በብረት ላይ ለማተም ፈቃድ አይደለም።

የራሳቸው የራጅኮት ሰዎችም ከዚህ ክርክር አላመለጡም። ፒ ኤም ዲዝልስ የተባለው የራጅኮት ሞተር አምራች «ፊልድ ማርሻል» የሚለውን ምልክት በተመለከተ ከቱክራል ሜካኒካል ወርክስ ጋር የገጠመው ሙግት የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2008 ብያኔ አግኝቷል። የአንዱ ምዝገባ ለናፍጣ ሞተር፣ የሌላው ደግሞ ለእህል ወፍጮና ለውኃ መሳቢያ ፓምፕ ነበር። በሌላ አነጋገር በአንድ የቆቦ ወፍጮ ቤት ውስጥ በአንድ ቺንጋ የሚገናኙት ሁለት ማሽኖች የሁለት ተሟጋቾች ንብረት ነበሩ ማለት ነው። የሚገርመው ክርክሩ በሚካሄድበት አገር ገልባጭ የተባለው ሁሉ የራሱን ስም ለማስከበር ፍርድ ቤት መቆሙ ነው።

ታዲያ ነጋዴው ስሙን ጨርሶ ማንሳት የለበትም ማለት ነው? አይደለም። አዋጁ የዕቃን ዓይነትና አገልግሎት ለመግለጽ በቅን ልቦና የሚደረግን፣ ሕዝብን የማያሳስትን አጠቃቀም አይከለክልም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 በጂሌት ጉዳይ ተመሳሳይ መስመር ይዞ፣ ዕቃው ለየትኛው ማሽን እንደሚሆን ለመንገር ምልክቱን መጥራት አስፈላጊ ከሆነ ይፈቀዳል ብሏል። «ለሊስተር 6/1 ሞተር የሚሆን ፒስተን» ብሎ በካርቶን ላይ መጻፍና ፒስተኑ ላይ «ሊስተር» ብሎ መቅረጽ ስለዚህ በሁለት የተለያዩ ዓለማት ውስጥ ናቸው። ከሁለተኛው ዓለም ቅጣቱ ከባድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መብቱን ሆን ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ደግሞ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 720ም ሕዝብን በሚያሳስት ሁኔታ የሌላውን ምልክት አስመስሎ የሠራውን ብቻ ሳይሆን፣ እያወቀ የሸጠውንና ያስመጣውንም ያካትታል። ሱቁ ውስጥ የተቀመጠው ቸርቻሪ «እኔ አልቀረጽኩም» ቢል አይድንም።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ባለምልክቱ ጥቅም ነው። በአስተያየቴ ግን የበለጠ ሊያሳስበን የሚገባው ዱቄቷን ለመቀበል ከማሽኑ አጠገብ የቆመችው ሴት ናት። የአምሳያ ሞተሮች የታወቀ ችግር የቀለጣ ጉድለት ነው፦ በብረቱ ውስጥ የተደበቀ ባዶ ቦታ፣ ያልተጠረገ የቀለጣ አሸዋ፣ ሚዛኑ ያልተስተካከለ ቮላኖ። ፋሻ ቢሰበር ሞተሩ ይቆማል። በፍጥነት ላይ ያለ ቮላኖ ቢሰነጠቅ ግን ሰው ይገድላል።

እንዲህ ያለ አደጋ ቢደርስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በመጀመሪያ የሚይዘው የወፍጮውን ባለቤት ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ቀጥሎ አንቀጽ 2085 ይመጣል፤ ለትርፍ ብሎ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበ ሰው ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል። ጉድለቱ በተለመደው የዕቃ አመረማመር ሊታወቅ ይችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። በብረት ውስጥ የተደበቀ ባዶ ቦታ በዓይን ስለማይታይ ይህ ማምለጫ ለቀለጣ ባለሙያው የሚያገለግል አይመስለኝም። ችግሩ «ሠርቶ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሠሪው ራጅኮት ያለ እንደሆነ ቆቦ ላይ ሊከሰስ የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው፤ ሻጩን በአንቀጽ 2085 መያዝ ግን አይቻልም። በአንቀጽ 2028 ጥፋቱን ማስረዳት ይጠይቃል። ያ ደግሞ ለተጎጂ ቀላል አይደለም።

ወፍጮ ባለቤቱ በበኩሉ ወደ ሽያጭ ውሉ ይመለሳል። አንቀጽ 2287 እና ተከታዮቹ ሻጩ ዕቃው ከጉድለት ነጻ ለመሆኑ ዋስ ነው ይላሉ፤ ገዢው ጉድለቱን እንዳወቀ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ከዚያም በአንድ ዓመት ውስጥ መብቱን መጠየቅ ይኖርበታል። የሸማቾች ሕግስ? የመዝናኛና የመተዳደሪያ ልዩነት ወደ ሕጉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ነገር ግን «ሸማች» የሚለው ትርጉም ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለማምረቻ ተግባር የሚገዛን አያካትትም። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስዋገን ለደስታው የሚያድስ ሰው ሸማች ነው፤ በዚያ ፒስተን መቶ ቤተሰብ የሚመግበው የራያ ወፍጮ ባለቤት አይደለም። ሕግ አውጪው ይህን አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፤ ድንበሩ የተሰመረው በትልልቅ ነጋዴዎችና በተራ ገዢዎች መካከል ሲሆን ትንሹ ወፍጮ ቤት በስሕተት ከትልልቆቹ ጋር ቆሟል።

የቅጣቶቹን ሚዛንም ማስተያየት ይገባል። ቀለጣው የተበላሸ ቮላኖ ሰው ቢገድልና ሻጩ በቸልተኝነት ቢጠየቅ፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 1 የሚደነግገው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ሻጩ የሙያ ግዴታ ያለበት ሆኖ ሲገኝ ቅጣቱ ከፍ ይላል፤ ተራ የመለዋወጫ ነጋዴ ግን እዚያ ውስጥ መግባቱ አከራካሪ ነው። በዚያው ቮላኖ ላይ በከባድ ቸልተኝነት የሌላ ሰው ምልክት ቢገኝ ከ1 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ሁለቱ ሕጎች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ዓላማ የወጡ መሆናቸውን እገነዘባለሁ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ የቶርኖ ባለሙያ ግን የሚማረው ትምህርት ስሙን እንዲያጠፋ እንጂ ብረቱን እንዲመረምር አይደለም።

ይህ ደግሞ ጉዳት አለው። በራያ ቆላ ያየኋቸው በአገር ውስጥ የተሠሩ ቁርጥራጮች አብዛኞቹ ምንም ዓይነት ምልክት የላቸውም፤ ክስን በመፍራት ይሁን በልማድ ለይቼ መናገር አልችልም። ምልክት የሌለው ዕቃ የማንንም መብት አይጥስም። ሲሰበር ግን ማን እንደሠራው የሚናገር የለም፤ አንቀጽ 2085ም የሚይዘው ሰው ያጣል። ሠሪው የራሱን ስም ወይም ቁጥር ቢመታበት ከምልክት ሕግ አንጻር አንዳች አይጎዳም፤ ጥሩ ሠሪ ከሆነም ገበያ ያተርፍበታል።

የደረሰኙ ቋንቋ ሌላው ችላ የተባለ ጉዳይ ነው። በቆቦ ሱቆች «ኦርጅናል» የሚለው ቃል የእንግሊዝን ዕቃ ላያመለክት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ከቻይናው የሚሻለውን የህንዱን ማለት ነው፤ ከሁለቱ በታች ያለው «ፎርጅድ» ይባላል። ገዢና ሻጭ ተግባብተዋል። ወልድያ ወይም አዲስ አበባ የተቀመጠ ዳኛ ግን ቃሉን በመደበኛ ትርጉሙ ካነበበው ያ ደረሰኝ በሻጩ ላይ ሁለት ጊዜ ይመሰክራል፦ አንድ ጊዜ ዕቃው ከውሉ ጋር አይስማማም በሚለው የፍትሐ ብሔር ክስ፣ ሌላ ጊዜ ሕዝብን አሳስቷል በሚለው የወንጀል ክስ። «የህንድ ሥራ፣ ለሊስተር 6/1 የሚሆን» ብሎ መጻፍ የሚፈጀው ቀለም ከዚያ ብዙም አይበልጥም።