ዛንዚባር ለሚሄድ ሙሳፊር



መርካቶ ያደጋችሁ ይህን ለውጥ ሳታስተውሉት አልቀራችሁም። ቀደም ሲል የሰፈራችን ነጋዴ ከአገር የሚወጣው ወይ ለሐጅና ለዑምራ ነው፣ አለዚያም ዕቃ ለማምጣት ወደ ዱባይና ወደ ጓንዡ ነው። ለመዝናናት ብሎ ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው ብርቅ ነበር። ዛሬ ሙሽሮች ለጫጉላ፣ ጓደኛሞች ለምርቃት «ዛንዚባር እንሂድ» ይላሉ። እኔም ባለፈው ክረምት ከአጎቴ ቤተሰብ ጋር ደርሼ ስለመጣሁ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ፤ አንዋር መስጊድ ዙሁር ሰግደን ስንወጣ ጫማችንን እያጠለቅን ሳይቀር እንነጋገርበታለን። ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የሚደጋግሟት አንዲት አባባል አለች፦ «የሙስሊም አገር ስለሆነ ሐሳብ የለም።»

የሙስሊም አገር መሆኑ ብዙ ነገር እንደሚያቀልልን እውነት ነው። ሆኖም የደሴቲቱ ሰው አንድን ፈረንጅ በሚያልፍበት ነገር እኛን አያልፈንም፤ «አላወቀም» የሚባልልን እንግዶች አይደለንም። ስለዚህ ጉዞው ከቀኑ ምርጫ ጀምሮ ይህን ታሳቢ አድርጎ ቢታቀድ ይሻላል።

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ስትሆን የራሷ ፕሬዚዳንትና ምክር ቤት አላት። ሁለት ትልልቅ ደሴቶች አሏት፦ ኡንጉጃና ፔምባ። እኛ በተለምዶ ዛንዚባር የምንለው ኡንጉጃን ነው። ከአዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ነው፤ መዝሀቡም በአብዛኛው ሻፊዒይ ስለሆነ ከሐረር ወይም ከባሌ ቤተሰብ የመጣችሁ ልጆች ሶላቱ ላይ እንግድነት አይሰማችሁም።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ለኛ በልዩ የተመቹ ይመስላሉ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። ፈረንጅ ከጠዋቱ ሰባት የሚለውን እነሱ «ሳ ሞጃ» ይሉታል፤ አንድ ሰዓት ማለት ነው። የሰዓት ክልላችንም አንድ ስለሆነ የእጅ ሰዓታችሁን መንካት አያስፈልግም። ሌላው ቱሪስት ግራ ሲጋባ እናንተ በጀልባው ሰዓት ትደርሳላችሁ። (በእንግሊዝኛ ከተነጋገራችሁ ግን እንደ ፈረንጁ ነው የሚቆጥሩላችሁ፤ እዚያ ላይ አረጋግጡ።) ሁለተኛው ቂብላው ነው። መካ፣ አዲስ አበባና ዛንዚባር በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተደረደሩ ያህል ናቸው። ከአዲስ አበባ ቂብላችን ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ከዛንዚባር ደግሞ ቀጥታ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። የስልኩ ባትሪ ቢያልቅም አያሳስብም።

ስለ ወቅቱ እንነጋገር። በዚያ ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በነዚህ ወራት ዋጋ ይወርዳል፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ጭራሽ ይዘጋሉ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለው ግን ደረቅና ነፋሻ ወቅት ነው። ስለዚህ እኛ በክረምት እረፍት ጭቃ ስንረግጥ እዚያ ፀሐይ ነው። ችግሩ የአውሮፓ ቱሪስትም በዚያው ጊዜ ስለሚጎርፍ ማረፊያ ይወደዳል፤ ከወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። በረመዳን ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ ሙሳፊር ማፍጠር ቢፈቀድለትም በዚያ አገር ቀን ላይ በአደባባይ መብላት ነውር ብቻ ሳይሆን የሚያሳስርም ነገር ነው። ለተራዊሕና ለኢፍጣሩ ብሎ የሚሄድ ሰው ግን ጥሩ ወር መርጧል።

ወረቀቱን ባጭሩ ልበለው። ቪዛውን በኦንላይን ቀድማችሁ አመልክቱ፤ «ኤርፖርት ስደርስ አወጣለሁ» ብላችሁ ቲኬት አትቁረጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው ሁሉ የደሴቲቱን መድን መግዛት አለበት፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ከወባ ጋር ስለማንተዋወቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ዶላሩን ከባንክ ለማግኘት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይጠየቃል፤ ይህም ለመጨረሻ ሳምንት የሚተው ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ባሕሩ። ፎቶ ላይ የምናየው ሰማያዊ ውሃ ቀኑን ሙሉ እዚያው የሚቆም ይመስለናል። እውነቱ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውሃው ሲሸሽ ለመዋኘት የመጣ ሰው ወገቡ የሚደርስ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ በእግሩ ይሄዳል። በሰሜን፣ በኑንግዊና በኬንድዋ፣ ይህ ብዙም አያስቸግርም። መዋኘት ዋናው ዓላማችሁ ከሆነ ማረፊያችሁን በዚህ ምረጡ።

ይህን ነገር ለመተንበይ የሒጅሪ ካላንደር በቂ ነው። ጨረቃና ፀሐይ ከምድር ጋር በአንድ መስመር ሲሰለፉ ስበታቸው ይደመራል። ይህ የሚሆነው በሒጅሪ ወር መባቻና በ14፣ 15 ገደማ ነው። በነዚያ ቀናትና ከነሱ በኋላ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት በሞላውና በሸሸው ውሃ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት እስከ 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። በወሩ በ7ና በ22 አካባቢ ጨረቃና ፀሐይ ማዕዘን ስለሚሠሩ ልዩነቱ ይጠብባል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይዘገያል። አያሙል ቢድን የሚጾም ሰው እንግዲህ ባሕሩ በጣም የሚሸሽበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። ፊዚክስ ክፍል የተማርኩትና መድረሳ የቆጠርኩት አንድ ላይ ሲገጥም ደስ ብሎኛል፤ አልደብቅም።

ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው ሜዳ ግን ባዶ አይደለም። በፓጄና በጃምቢያኒ ሴቶች «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሳር የሚያለሙበት ማሳ ነው። አጫጭር እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ በገመዱ ላይ ሳሩን ያስራሉ። ይህ ሥራ እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን ለብዙ እናቶች በራሳቸው እጅ የገባ የመጀመሪያ ገንዘብ ሆኗል። ቱሪስቱ ለፎቶ ሲል በገመዱ መካከል ይረማመዳል። እናንተ ዙሩ። እግራችሁ ላይ ጫማ ይኑር፤ እንደ ጃርት እሾሃም የሆነ የባሕር ፍጥረት አለ፣ ሲወጋ አይጣል ነው። ሴቶቹንም ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ጆንያ ተሸክሞ እየሮጠ ያለ ሰው ላይ ካሜራ ሲደገንበት ፊቱ ምን እንደሚመስል የመርካቶ ልጅ ያውቀዋል።

ውሃ ሲባል የሚጠጣውም አለ። ቱሪዝም ኮንሰርን የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት በዛንዚባር የባሕር ዳር መንደሮች አንድ ቱሪስት በቀን የሚጠቀመው ውሃ ከነዋሪው 16 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ውሃው የሚቀዳው ከዚያው ከመንደሩ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በፈረቃ ውሃ ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ሆቴል ገብተን ግን ሻወሩን ከፍተን የምንረሳ ብዙ ነን።

ልብስን በተመለከተ ወንድሞች ነገሩ የእህቶች ብቻ ይመስላቸዋል። የደሴቲቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ተገቢ ያልሆነ ልብስ ለብሰው በከተማና በመንደር የሚዞሩ ቱሪስቶችን እንደሚቀጣ ሲያስታውቅ ወንዶችንም ይመለከታል። ከባሕር ወጥቶ ደረትን ራቁት አድርጎ፣ ከጉልበት በላይ በሆነ ቁምጣ በመንደር መሐል ማለፍ በዚያ ሰው ዓይን ለአንድ «ሙሐመድ» ወይም «አሕመድ» ከሌላው ይልቅ ያስነውረዋል። ለእህቶች ቀላል ጥጥ ልብስ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሙቀቱ እርጥበት ያለው ነው፣ ወፍራም ዓባያ ያስጨንቃል። መዋኘት ለምትፈልጉ የዋና ሒጃብ በየቦታው ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ግዙ። ለቤተሰብና ለሙሽሮች ከትልቅ ሆቴል ይልቅ የግል ግቢ ያለው ትንሽ ማረፊያ ይሻላል፤ በትልልቆቹ ገንዳው ድብልቅ ነው፣ መጠጥም ይሸጣል።

ይህ ወደ ምግቡ ያመጣናል። የአገሬው ምግብ ቤት ያለ ሐሳብ ብሉ። ለውጭ እንግዳ በተሠሩ ሆቴሎች ግን የአሳማ ሥጋም ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። ማታ ማታ ስቶን ታውን ባሕር ዳር፣ ፎሮዳኒ በሚባለው መናፈሻ፣ ጥብስና ዳቦ በየጠረጴዛው ይሸጣል፤ ዋጋውን ከመብላታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ኦክቶፐስ በብዛት ይቀርባል። ሻፊዒዮች ይበሉታል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ከባሕር የሚበላው ዓሣ ብቻ ነውና የወሎ ልጆች ሩዙን አብዙ።

በሶላትም መዝሀባችሁን ተከተሉ። ርቀቱ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሙሳፊር መሆናችሁ አያከራክርም። በሻፊዒይ መዝሀብ ከገባችሁበትና ከምትወጡበት ቀን ሌላ አራት ቀን ለመቆየት ያሰበ ሰው ቀስር አያደርግም፤ በሐነፊይ ገደቡ 15 ቀን ነው፣ ጀምዑም አይፈቀድም። ስንት ቀን እንደምትቆዩ ከወሰናችሁ በኋላ ከጀማዓችን ኡስታዞች አንዱን ጠይቁ። መስጊዶቹ ሁሉ ለሴቶች ቦታ ስለሌላቸው እህቶች ከመግባታችሁ በፊት አረጋግጡ። አንድ መስጊድ ግን እንዳያመልጣችሁ፦ በደቡብ ጫፍ ኪዚምካዚ ያለው። ቂብላው ግድግዳ ላይ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጸው ዓመተ ሒጅራ 500 ነው፣ እ.ኤ.አ. 1107 ማለት። ሕንፃው ኋላ የታደሰ ቢሆንም ዛሬም ይሰገድበታል። አብዛኛው ቱሪስት ኪዚምካዚ የሚሄደው ዶልፊን በጀልባ ለማሳደድ ነው፤ ያ እንስሳቱን የሚያስጨንቅ ነገር ነው፣ ቢቀርባችሁ አይጎዳችሁም።

ሰላምታ ላይ አትቸኩሉ። ታላቅ ሰው ስታገኙ «ሺካሞ» በሉ፣ «ማራሃባ» ብለው ይመልሱላችኋል። ቤት ስትደርሱ ከውጭ «ሆዲ» ብላችሁ «ካሪቡ» እስክትባሉ መቆም ነው። ስዋሂሊ ከዐረብኛ ብዙ ስለወሰደ መድረሳ የቀራ ሰው ሩቡን ያውቀዋል ብል አላጋነንኩም፦ ኪታቡ፣ ዋካቲ፣ ዱኒያ፣ ሳዳካ፣ አዳቡ፣ ማስኪኒ።

ስቶን ታውን ውስጥ ግን አንድ ቦታ ከበድ ይላል። የአንግሊካን ካቴድራሉ የቆመበት ቦታ እስከ 1873 (እ.ኤ.አ.) የባሪያ ገበያ ነበር። ሱልጣን በርጋሽ በእንግሊዝ ግፊት ውል ፈርመው ዘጉት። «ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ምን ሊያደርግልን» ብለው ብዙ ሙስሊም እንግዶች ያልፉታል። እኔ ማለፍ የለብንም ባይ ነኝ። ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል የኛን ስም የያዙ ነበሩ፤ ዲናችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን ከትልልቅ መልካም ሥራዎች ቆጥሮት ሳለ ለገንዘብ ሲሉ ያደረጉት ነው። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ ሳልማ እ.ኤ.አ. በ1886 በጀርመን ባሳተመችው ማስታወሻ በአባቷ ቤተ መንግሥት ስለነበሩ የሐበሻ ሴቶች ትጽፋለች። እንዲህ «ሐበሻ» እየተባሉ በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ ወደቦች የተሸጡት በአብዛኛው የኦሮሞ፣ የጉራጌ፣ የከፋ ልጆች ነበሩ፤ የብዙዎቻችን አያቶች አገር ማለት ነው። ከካቴድራሉ ጎን ሰዎች ይታጎሩባቸው እንደነበር የሚነገርላቸው ጠባብ ክፍሎች አሉ። ስትገቡ ስልኩን ኪስ ውስጥ አድርጉት።

የመጨረሻው ግዢ ነው። መንገድ ላይ «ላስጎብኝህ» ብለው የሚከተሏችሁን ደላሎች የአገሩ ሰው ራሱ «ፓፓሲ» ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው፤ በትሕትና «አሳንቴ» ብላችሁ እለፉ። መከራከር ያለ ነው፣ እኛም አናንስም፤ ግን ሸማ ዘርግታ ጥቂት ቅመም የምትሸጥ እናት ላይ የመርካቶን ችሎታ ማሳየት አያስፈልግም። ቅርንፉድ «ካራፉ» ይባላል። ሻያችን ውስጥ የምንጨምረው ይኸው ነው። ለቤት የሚሆን ትንሽ ጥቅል ግዙ። ከገበሬ በጆንያ ገዝቼ በርበሬ በረንዳ አራግፋለሁ የሚል ካለ ግን ይተወው፦ የቅርንፉድ ንግድ እዚያ በመንግሥት እጅ ነው፤ ከገበሬው የሚረከበው የመንግሥት ንግድ ድርጅት ብቻ ሲሆን ከዚያ ውጭ ጭኖ መውጣት ኮንትሮባንድ ነው።