ለጋ የጥድ ግንድ ለኬሚካል ጥሪ የሚሰጠው ምላሽ

አርሊንግተን የኦክ ዛፍ በሚበዛበት ቀበቶ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ቴክሳስ ለሚጓዝ ግን መልክዓ ምድሩን የሚሸፍነው የጥድ ዘመድ የሆነው ፓይን ነው። በደቡባዊ አሜሪካ ይህ ዛፍ ከጣውላው ሌላ ለሙጫው ሲፈለግ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ ሮበርትስ፣ ፓራኳት የተባለው የአረም መርዝ በጥቂቱ ሲሰጠው የፓይን እንጨት በሙጫ እንደሚርስ አስታወቀ። ሆኖም መርዙ ሕዋሳትን ይገድላል፤ የተዳከሙትንም ዛፎች ቅርፊት ቦርቧሪ ጥንዚዛዎች ወረሯቸው። ዛፉን አቁስሎ መከላከያውን ማስነሣት ዋጋው ይህ ነው።

ሜቲል ጃስሞኔት ከዚህ የተለየ መንገድ አሳይቷል። ይህ ንጥረ ነገር በ1962 የተለየው ከጃስሚን አበባ ዘይት ሲሆን፣ ጃስሚንም የአገራችን ጠንበለል የቅርብ ዘመድ ነው። ተክሎች ሲቆስሉ ወይም ሲነከሱ ራሳቸው የሚሠሩት የማንቂያ መልእክት እንጂ መርዝ አይደለም። በ2002 በወጡ ጥናቶች እንደተገለጸው፣ ለጋ የኖርዌይ ስፕሩስ ግንድ ይህን ሲቀባ ወይም ሲረጭበት፣ አንዳች ቁስል ሳይኖር፣ እንጨትና ልጥ የሚያወጣው ስስ የሕዋስ ሽፋን፣ ማለትም ካምቢየም፣ የተለመደ ሥራውን በከፊል ይለውጣል። በአዲሱ እንጨት ውስጥ የሙጫ ቦዮች በቀለበት መልክ ይደረደራሉ፤ በልጡም ውስጥ ፌኖል የሚያከማቹ ሕዋሳት ያብጣሉ። ቦዮቹ አዲስ የሚገነቡ አካላት ስለሆኑ ሳምንታት ይፈጃሉ። ሃድጂንስና ፍራንቼስኪ በ2004 እንዳሳዩት ትእዛዙን ወደ ሕዋሳቱ የሚያደርሰው ኤትሊን፣ ያው ሙዝ የሚያበስለው ጋዝ ነው፤ የኤትሊን ተግባር ሲታገድ ምላሹም ይዳከማል።

ይህ ሁሉ ግን በነጻ አይገኝም፤ ለሙጫ የዋለው ስኳር ከዕድገት የተቀነሰ ነውና የታከሙ ችግኞች ቁመታቸው ያጥራል።

ለእኛ ጥያቄው የሐበሻ ጥድ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀሩት አረጋውያን ጥዶች ተተኪ ይሻሉ። ጥዳችን ግን የስፕሩስ ቤተሰብ አይደለም፤ በእርሱ ወገን እንዲህ ያሉ ቦዮች የሚበጁት በእንጨቱ ሳይሆን በልጡ ውስጥ ነው። በ1986 በማላዊ ታይቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የተዛመተው የጽድ ክሽክሽም ፈሳሽ መጣጭ እንጂ ቦርቧሪ አይደለም። ስለዚህ የስፕሩሱን ውጤት እንዳለ ወደ ችግኝ ጣቢያዎቻችን መገልበጥ አይገባም ባዮች ነን። የሚበጀው የታከሙና ያልታከሙ የጥድ ችግኞችን ጎን ለጎን አሳድጎ፣ ቁመታቸውን ለክቶ፣ የልጣቸውን ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።